ውኃ የሚዞርበት ድንኳን

ስካር የቀረው በ2081 ዓ.ም. በመስከረም ወር ነው። በዚያ ወር የጸደቀው አዋጅ ዕድሜው ዐሥራ ስምንት የሞላ ሰው ሁሉ ከግራ ደረቱ ቆዳ ሥር የደም ማጥሪያ እንዲተከልለት አዘዘ። ማጥሪያው የስንዴ ቅንጣት ያህላል፤ አልኮልን ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት ከደም ለቅሞ ያጠፋል። ሕዝቡ «ወንፊት» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና። በዓመቱ የመጠጥ ሱስ ከበሽታዎች ዝርዝር ተሰረዘ፤ ማገገሚያ ማዕከላቱም ተዘግተው ለመዋዕለ ሕፃናት ተሰጡ።

መጠጥ ግን አልቀረም። የሚከለከልበት ምክንያት ስላልነበረ ወደ ቢሮው፣ ወደ አውቶቡሱ፣ ወደ ችሎቱ ሳይቀር ገባ። ቀዶ ሐኪሞች ጓንት ከማጥለቃቸው በፊት አንድ መለኪያ ይጨልጣሉ። ማንም አይንገዳገድም፤ ማንም አይጣላም፤ ማንም አይዘፍንም።

በ2097 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የደሴው ኬብል ካር ተቆጣጣሪ ይኄይስ አልማው በቀን አርባ መለኪያ አረቄ ይጠጣ ነበር። ቁጥሩን የወሰነው እሱ አይደለም። ከመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ጎን የተገጠመው መቅጃ በሰዓት አምስት መለኪያ እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የሥራው ሰዓት ደግሞ ስምንት ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ገብቶ የሚጠጣውን ማንም አይቆጥርለትም።

ክፍሉ ጦሳ ተራራ ላይ፣ ከላይኛው ጣቢያ አናት ነው። ተሳፋሪ የጫኑት ሣጥኖች በየሦስት ደቂቃው ከፒያሳ ተነሥተው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ ይኄይስም እያንዳንዱን በዓይኑ ይቀበላል። የመጀመሪያው መለኪያ ጉሮሮውን ያቃጥለዋል፤ ደረቱም ይሞቃል። ከዚያ ይጠብቃል። ወንፊት ሲተከልለት የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበርና ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ያውቀዋል፤ ትከሻ የሚፈታውን፣ የጆሮን ጩኸት የሚያርቀውን። አይመጣም። ምናልባት በሁለተኛው። ምናልባት ቶሎ ቶሎ ቢጠጣው። ዐሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ጠበቀ፤ አእምሮው እንደማይመጣ ያውቃል፤ ሰውነቱ ግን የነገሩትን አልሰማም።

ለማቆም ሞክሯል። ረጅሙ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ አላላበውም፤ የጤና መዝገቡ እንከን አልነበረበትም። የሚያመው ነገር አልነበረም፤ የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ አጣ። ከወንበር ተነሥቶ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ወንበር ሲል ውሎ፣ በዘጠነኛው ሰዓት ከመቅጃው ሥር ቆሞ ራሱን አገኘው።

ለማቆም ቀን ያስቆረጠው የልጁ ነገር ነው። ልዕልና ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቀን ዐሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። በዚያ ዘመን ወንፊት በተተከለ በሳምንቱ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ወላጅ የመጀመሪያውን መለኪያ ለልጁ ይቀዳል፤ አብሮም ይጠጣል፤ ከመጠጣቱ በፊት ግን ስለ ቤተሰቡ አንድ እውነተኛ ነገር ይናገራል። እናቷ ኮምቦልቻ ሌላ ቤት ከመሠረተች ቆይታለችና ቀጂው እሱ ነው። ልጁ ከመለኪያው ማዶ ተቀምጣ ስትጠብቅ ይታየዋል፤ እሷ ደግሞ ምን እንደምትጠብቅ እንኳ አታውቅም፤ ሰክራ አታውቅማ።

ሰኔ ዘጠኝ ቀን ጤና ጣቢያ ሄደ። የተቀበለችው ሲስተር ፋንቱ የምትባል፣ መነጽሯን በግንባሯ ላይ የምትሰካ ሴት ናት።

«ምንህን ነው የሚያምህ?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ ምን ልትሆን መጣህ?»

«መጠጥ ማቆም አቅቶኝ ነው።»

ሴትየዋ መነጽሯን አወረደች። የበሽታዎቹን ዝርዝር የያዘውን ሰሌዳ በጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች ስትገፋ ቆይታ ወደ እሱ አዞረችው።

«ይኸው፣ ራስህ እየው። መጋኛ እንኳ አለ። መጠጥ የለም።»

«ምን ይሻላል?»

«ጥማት ብዬ ልጻፍልህ? ለጥማት የሚታዘዝ አለ።»

«ምንድን ነው የሚታዘዘው?»

«ውኃ።»

ይኄይስ አመስግኖ ተነሣ። በሩ ዘንድ ሲደርስ ጠራችው፤ ሰሌዳውን ደፍታ አስቀምጣው ነበር።

«ሮቢት፣ ከሜዳው ዳር፣ እሑድ እሑድ ድንኳን የሚጥል እድር አለ። ሰው ቢሞትም ባይሞትም ይጥላሉ። ሄደህ ተቀመጥ።»

«ማን ብዬ ልጠይቅ?»

«ለቅሶ ቤት ማን ይጠየቃል?» አለችና የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠራች።

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ በእግሩ ወረደ። አረንጓዴው ድንኳን ከሩቅ ይታያል። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ፤ ዳር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሐዘንተኛ መምሰሉን ምንኛ ተክነውበታል ሲል አሰበ። አንዲት ሴት ንፍሮ በሰሃን አዞረች፤ ሌላዋ ጆግ ይዛ ተከተለቻት። ጆጉ ውስጥ ያለው ውኃ ነበር። በከተማው ውስጥ አረቄ የማይዞርበት ለቅሶ ቤት ማየት ከተወ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ትክክለኛው ቦታ መድረሱን ያረጋገጠለት ይህ ነው።

አንድ ሰው ንግግር እንዲጀምር ጠበቀ። ማንም አልጀመረም። ሰዎቹ ያቀረቅራሉ፤ አንዱ ሌላው ጆሮ ላይ ያንሾካሹካል፤ አዲስ የገባው ነፍስ ይማር ብሎ ይቀመጣል። የይኄይስ ጉልበት ከወንበሩ ሥር መርገፍገፍ ጀመረ። በእጁ ያዘው፤ ሌላኛው ጀመረ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል የሚጠበቀው ምናልባት እሱ ራሱ እንደሆነ ገመተ። አዲስ ሰው ነው የሚጀምረው፤ ሌሎቹማ ተናግረው ጨርሰዋል። ተነሥቶ ቆመ።

«ይኄይስ አልማው እባላለሁ» አለ። «በቀን አርባ መለኪያ እጠጣለሁ፤ ይህ የሥራ ቦታው ብቻ ነው። አንዱም አልደረሰኝም። እንደማይደርስ አውቃለሁ። ሌሊት ተነሥቼ ቤት ውስጥ እዞራለሁ፤ ጠዋት ሰው ሲጠይቀኝ ደኅና ነኝ እላለሁ፤ መዝገቡም ደኅና ነው ይላል። ማቆም አልቻልሁም። የት እንደምሄድ አጥቼ ነው የመጣሁት።»

ጆግ የያዘችው ሴት ባለችበት ቆመች። ከፊት ረድፍ አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ቀስ ብለው ዞሩ፤ ፊታቸው በእንባ አብጧል።

«ልጄን ታውቀው ነበር?»

«አላውቀውም፣ እማማ።»

«ታዲያ የእሱን ነገር ማን ነገረህ?»

ያን ጊዜ ከሴቶቹ ፊት በትንሽ ጠረጴዛ ላይ የቆመውን የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ አየ። መሐል ላይ ከተቀመጡት አንዲት ሻሽ ያሰረች ረጅም ሴት ተነሥታ መጣች፤ እጅጌውን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችው።

«አንተ ሰውዬ፣ የተናገርኸው ለቅሶ ላይ ነው።»

«ሰው ቢሞትም ባይሞትም ትጥላላችሁ ብለውኝ ነው።»

«ዛሬ ሞቷል።»

ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ድንኳኑ ሲዞር ከለከለችው። ዘሐራ ትባላለች፤ የእድሩ ዳኛ ናት። ሟቹ ተካልኝ የእነሱው ሰው ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ግንቦት አጋማሽ ላይ ለማንም ሳይነግር ወንፊቱን አስወጣ። ሃያ ስድስት ቀን አልቀመሰም። በሃያ ሰባተኛው ቀን ብቻውን ቁጭ ብሎ ጠጣ።

«ብዙ?» አለ ይኄይስ።

«የለመደውን ያህል። ወንፊት ያለው ሰው የሚለምደውን ያህል። ልቡ አልቻለም።» ዘሐራ ሻሿን አጠበቀች። «አሁን ሂድ። እናትዬው አልተቀየሙህም፤ እንዲያውም ሲያስጠሩህ ይሰማኛል። በሚቀጥለው እሑድ ተመለስ። ማንም ካልሞተ አንተን እንሰማለን።»

ሰኞ ጠዋት ይኄይስ የመጀመሪያውን ሰዓት አምስት መለኪያ ሳያነሣ አሳለፈ። መለኪያዎቹ በመቅጃው አፍ ላይ ተደርድረው ቆዩ። በሁለተኛው ሰዓት አለቃው ደወለ፤ ያልተነሣ መለኪያ እንደ እክል ይመዘገባልና ስልኩ በራሱ ጠቁሞት ነው።

«አሞሃል እንዴ፣ ይኄይስ?»

«ደኅና ነኝ።»

«ምትክ ልላክ?»

«አያስፈልግም።»

ስልኩን ዘግቶ ዐሥሩንም ጠጣቸው። ከጉሙ ውስጥ የወጣው ሣጥን ተሳፋሪዎቹን አራግፎ ተመልሶ ጉሙ ውስጥ ገባ።

በሚቀጥለው እሑድ ማንም አልሞተም። ድንኳኑ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ከዝርዝሩ ለተሰረዘ በሽታ መሰብሰቢያ ፈቃድ ስለማይሰጥ እድር ብለው ተመዝግበዋል፤ እድር ስለሆኑም ሰው ይቀብራሉ። የሚናገሩትም በዚያው ወግ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ፤ ማንም ማንንም አይመክርም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያቀረቅራል። ደንባቸው አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ስካሩ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ የዋለበትን አንድ ቀን ይናገራል።

«ለቅሶ አድማቂው መጣ» አለ አንድ ጥርሱ የገጠጠ ሽማግሌ ገና ሲገባ። መንበሩ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። ዛሬ ሬሳዎቹ እኛው ነን።»

«ጋሽ መንበሩ» አለች ዘሐራ።

«ምን አልሁ? ሰውየው ቀልድ የማይወድ ከሆነ ይንገረኝ።»

«እወዳለሁ» አለ ይኄይስ።

«እንግዲያው ከእኔ ጎን ሁን። እኔ ወንፊቴን ሳላስወጣ ዐሥራ አንድ ወር አልቀመስሁም። በምን ቻልህ አትለኝም?»

«በምን ቻሉ?»

«በእልህ። ባለቤቴ አትችልም ብላኝ።» ሰዎቹ ፈገግ አሉ። ሽማግሌው ግን አልሳቀም፤ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል አቆላለፈ። «እውነቱን ልንገርህ። መለኪያ ባየሁ ቁጥር ዛሬ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ሳልጠጣም እጠብቃለሁ። መጠበቁ አልለቀቀኝም።»

ዘሐራ ተከተለች። እሷ ወንፊቷን ካስወጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ያስወጣ ሰው አይታሰርም፣ ይመዘገባል እንጂ። መታወቂያዋ ላይ «ስካር የሚችል» ተብሎ ተጽፏል፤ የሒሳብ መምህርነቷን ለቃለች፤ ምግብ ቤት አያስገቧትም፤ ለማንም ሰው መጠጥ መቅዳት በሕግ አይፈቀድላትም። የጠበቀችበት የመጨረሻ ቀን አንድ ሐሙስ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ስትጠጣ ዋለች፤ ተማሪዎቿ ልብ አላሉትም፤ ስህተትም አልጻፈችም።

«ለምን አወጣሽው?» አለ ይኄይስ። መጠየቅ ይፈቀድ እንደሆነ አላወቀም።

«የምፈራው ነገር እንዲኖረኝ» አለች። «ድሮ የጠጣ ሰው ይወድቃል። ሲወድቅ ያዩታል። ያየው ሰው አንሥቶ ቤቱ ያደርሰዋል፤ ወይም ይሰድበዋል፤ ሁለቱም ደግ ነው። እኛን ማን ያየናል?»

ተራው ደረሰ። ጉልበቱ እንዳይርገፈገፍ እግሮቹን ከአግዳሚው ሥር አጣምሮ ጀመረ።

«እናቴ የሞተችው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ዕረፍቴ ነበር። አራዳ አንድ መጠጥ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። ፈጥነህ ድረስ፣ እየደከሙ ነው አሉኝ። ሆስፒታሉ ከተቀመጥሁበት የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አንድ መለኪያ ቀርቶኝ ነበር፤ እሱን ልጨርስና አልሁ። ጨረስሁት። ከዚያ ሌላ አዘዝሁ። አእምሮዬ ብርሃን ነው። ሰዓቱን በየደቂቃው አየዋለሁ። እግሬ ጤነኛ ነው፤ ዝናብ እንኳ አልነበረም። በሚቀጥለው ይመጣልኛል፤ እሱ ከመጣልኝ ፊቷን ለማየት አቅም አገኛለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሞቷን ነገሩኝ።»

ማንም ቀና አላለም።

«ድሮ ሰው ሰክሬ ነበር ይል ነበር። እኔ የምለው የለኝም። ለልጄ ገመዱ ተበላሽቶ፣ ተሳፋሪ አየር ላይ ተንጠልጥሎብኝ ነው የቀረሁት አልኋት። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤቷ ውስጥ በኩራት አወራችው፤ ስለ እሱ ድርሰት ጽፋ ተሸለመች። በሐምሌ መለኪያ እቀዳላታለሁ። ከመጠጣታችን በፊት ስለ ቤታችን አንድ እውነተኛ ነገር መናገር አለብኝ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ የሚጠብቀው የገመዱን ታሪክ ነው።»

ውኃው ዞረ። እያንዳንዱ ጠጥቶ ብርጭቆውን ለጎረቤቱ አቀበለ። ስብሰባው ሲበተን ዘሐራ ወንበር ለማጠፍ ወደ ኋላ ቀረች፤ ይኄይስም ያግዛት ጀመር።

«ወንፊቱን ባወጣው ይሻለኛል?» አላት።

«ዳኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።»

«እንደ ዳኛ።»

«አውጣ አልልህም። የተካልኝን እናት አይተሃቸዋል። ጋሽ መንበሩ ከነወንፊቱ ቀጥ ብሎ አለ፤ እሱንም አይተኸዋል።» አንዱን አግዳሚ አጥፋ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ አስደገፈች። «ያለን ነገር ይህ ነው፤ አንድ ሰው ላስወጣ ነው ብሎ ከነገረን ቤቱ ድንኳን እንጥላለን። ሦስት ቀን ሁላችንም እንቀመጣለን። ከዚያ እስከ አርባው ቀን በየተራ፣ አንድ ሰው ከቤቱ አይጠፋም። ሰው የሞተበት ቤት ብቻውን አይተውም አይደል? እንዲያ ነው። ተካልኝ ሊያስቸግረን አልፈለገም። ጨዋ ነበር።»

«ስንት ሰው እንዲህ አስቀመጣችሁ?»

«አራት። ሦስቱን ዛሬ ከጎንህ አይተሃቸዋል።»

«አራተኛውስ?»

«እሱ ተመልሶ አስተከለው። እሑድ እሑድ አይመጣም። ስናገኘው ሰላም ይለናል።»

ይኄይስ ወደ ቤቱ በእግሩ ወጣ። መንገዱ ዳር ካሉት ቤቶች ሁሉ መለኪያ ከመለኪያ ሲጋጭ ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ አይሰማም። ሁለት መጠጥ ቤት ገብቶ ወጣ። በሦስተኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ ብዙ አሰበ፤ ገብቶ ጠጣ፤ ወጣ።

ልዕልና የምግብ ጠረጴዛው ላይ የእንግዶችን ስም እየጻፈች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«የት ጠፋህ፣ አባዬ? አክስቴ ሁለት ጊዜ ደወለች። ስምንት ሆነን ነው የምንመጣው አለች፤ እኔ ግን ስለማላምናት ዐሥራ ሁለት ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ልክ ነሽ።»

«ደግሞ የምትናገረውን ተለማመድ። የጓደኛዬ የሕይወት አባት ግማሽ ሰዓት አወራ፤ አረቄው ተነነ። አንተ የገመዱን ብቻ ተናገር፤ አጭር ነው፤ ሰው ያለቅሳል፤ አለቀ።»

ሳይቀመጥ ከወንበሩ ኋላ ቆሞ መደገፊያውን ያዘ።

«ገመዱ አልተበላሸም፣ ልዕልና።»

«ምን?»

«አያትሽ የሞተች ዕለት። ሥራ አልገባሁም ነበር። አራዳ ተቀምጬ እጠጣ ነበር። ደውለውልኛል። አልሄድሁም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ መልሳ አነሣችው፤ ክዳኑን ገጠመችለት።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ?»

«ሦስት ሰዓት።»

«እኔ እኮ ድርሰቱ ላይ…» አለችና ተወችው። «እንደ ድሮ ሰው ሰክረህ ቢሆን ይሻል ነበር።»

«ይሻል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አሁን ነገርኸኝ? እኔስ ላስተክል ወይስ አላስተክል? ያንን ነው እንድወስን የፈለግኸው?»

«የአንቺን አልነግርሽም። ሕጉም አለ፣ ዕድሜሽም አለ፤ ከአክስትሽም ተመካከሪ። የቀረ ጥያቄ ካለሽ ዛሬም ነገም እመልሳለሁ።»

«አንድ አለኝ።» ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ለእኔ የምትቀዳው አንተ ነህ። ያን ዕለት ምን ልታደርግ ነው?»

ይኄይስ ወንበሩን ለቀቀ።

«አልቀዳም» አለ። «ሰኞ ወንፊቴን አስወጣለሁ።»